ለብርድም ለቆላም ልብስ ሲገዛ፦ ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ጃኬቱ ወልቆ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል። ይህ ሁሉ በአንድ ዞን፣ በሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። እዚህ አገር ልብስ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቀኑን የት እንደሚያሳልፍ ነው። ፋሽኑ ቀጥሎ ይመጣል።

ምክሬ አንድ ነው። ገንዘባችሁን ብርዱ በሚገባበት በኩል አውጡት፣ ሌላው ላይ ቆጥቡ። ብዙዎቻችን ተቃራኒውን እናደርጋለን። ብሩ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርትና የተቀዳደደ ጅንስ ላይ ያልቃል። ጥቅምት ሲገባ ገበር የሌላት ስስ ጃኬት ለብሶ መንቀጥቀጥ ነው። "በጥቅምት አንድ አጥንት" ያሉት አባቶች ስለ ምግብ ቢያወሩም፣ ብርዱን ግን በደንብ ያውቁት ነበር።

1. ከቤት ሳትወጡ

ያላችሁን ልብስ ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግፉት። ከዓመት በላይ ያልለበሳችሁትን ለብቻ አድርጉ። ለምን እንዳልለበሳችሁት አስቡ። ጠቦ ነው? ቀለሙ ነው? ያሳክካል? መልሱ ቀጥሎ የማትገዙትን ይነግራችኋል። ቁልፍ የወደቀበትና ዚፑ የተበላሸውን ደግሞ ለልብስ ሰፊ ለዩት። አንዳንዴ ገበያ መውጣት ሳያስፈልግ ግማሹ ችግር እዚሁ ያልቃል።

ቀጥሎ ልኬት። በጣም የሚስማማችሁን ሱሪ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርጉትና በራሳችሁ ስንዝር ለኩት። የወገቡን ስፋት፣ የጭኑን ስፋት፣ ከታፋ እስከ ታች ያለውን ርዝመት። ሸሚዝም እንዲሁ፦ ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ ከብብት እስከ ብብት፣ የእጅጌው ርዝመት። ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ሜትር ካላችሁ በሳንቲሜትርም ያዙት፣ በኋላ ይጠቅማል። መሞከሪያ ክፍል በሌለበት ጉልት ላይ፣ ስንዝራችሁ የትም አብሯችሁ የሚሄድ ሜትር ነው። ልብሱ ላይ የተጻፈውን ኤል፣ ኤክስ ኤል የሚል ነገር ብዙ አትመኑት። የአንዱ አገር ኤል የሌላው ኤም ነው።

2. ድርብርብ አድርጋችሁ አስቡ

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ውርጭ ጥሎ ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ይጠብሳል። አመሻሹ ላይ መልሶ ቆፈን ነው። ለዚህ ዓይነት ቀን አንድ ወፍራም ካፖርት አይሆንም። ጠዋት ጥሩ ነው፣ ቀን ላይ ያልባችኋል፣ ማታ ላቡ ቀዝቅዞ ይብሳል።

የሚያዋጣው ሦስት ድርብ ነው። ከውስጥ ሰውነት ላይ ጠበቅ የሚል ካናቴራ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ሙቀቱን የሚይዘው በልብሶቹ መካከል የሚቀረው አየር ነው። ስለዚህ ጃኬቱን ስትገዙ ሹራቡን ለብሳችሁ ሞክሩት። በቲሸርት ልክክ ያለ ጃኬት፣ በሹራብ ላይ አልዘጋ ይላል።

ከሦስቱ ደህና ገንዘብ የሚወጣበት ጃኬቱ ነው። እንበል 900 ብር የሆነ ጃኬት አንድ የብርድ ወቅት፣ ማለትም አራት ወር ለብሳችሁት ዚፑ ቢበላሽና ገበሩ ቢተረተር፣ በወር 225 ብር ፈጀ ማለት ነው። 2,400 ብር የወጣበት ግን ሦስት ወቅት ከቆየ በወር 200 ብር ነው። ውድ የመሰለው ረከሰ። ቲሸርት ላይ ይህ ስሌት ብዙም አይሠራም። ቲሸርት ከሹራብ ሥር ነው የሚውለው፣ ማን ያየዋል?

እግርንም አትርሱ። ወፍራም ካልሲና ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ከሁለት ሹራብ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋችኋል።

ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ማጀቴ ለምትኖሩ ነገሩ ይገለበጣል። ለእናንተ የጥጥ ሸሚዝ፣ ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ነው የሚሻለው። ፖሊስተር ሸሚዝ ቆላ ላይ ጀርባ ላይ ይጣበቃል።

3. መቼ ይገዛ?

"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባላል፤ ነጋዴውም ይህን ተረት ያውቃል። ጥር ሲቃረብ የአገር ልብስ ዋጋ ይወጣል። ጥበብ ሠሪውና ልብስ ሰፊው በሥራ ይጨናነቃሉ። ያኔ የተሰፋ ቀሚስ ብዙ ጊዜ ጥድፊያው ይታወቅበታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። የጥምቀቱን ቀሚስ ኅዳር ላይ እዘዙ። ልኩ ካልሆነ ለማስተካከል ጊዜ ይኖራችኋል።

የተማሪ ዩኒፎርም ሐምሌ ላይ ይሰፋ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወረፋ ነው። ለልጅ ስታሰፉ ሱሪውም ቀሚሱም ታች በኩል ሰፊ እጥፋት እንዲተውበት ንገሩት። ልጁ ሲመዘዝ እሱ ይፈታል። ወፍራም ጃኬት ደግሞ የካቲትና መጋቢት ላይ ፈልጉ። በዓሉ አልፏል፣ ሁዳዴ ነው፣ ብርዱም ረገብ ብሏል። ነጋዴው ከክረምቱ በፊት ዕቃውን ማንሳት ስለሚፈልግ ቶሎ ይለሳለሳል።

4. ጨርቁን ማወቅ

ልብሱን ይዛችሁ ከሱቁ በራፍ ውጡ። በአምፖል ያየነው ጥቁር ፀሐይ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ያውቃል። ደግሞም ነጠብጣብና የሳሳ ቦታ የሚታየው በቀን ብርሃን ነው። ወደ ፀሐይ አንስታችሁ በውስጡ እዩ። ሹራብ ሆኖ ጣቶቻችሁ አጥርተው ከታዩ ለደብረ ብርሃን አይሆንም።

ከዚያ በእጃችሁ ጨብጡት። ጨምድዳችሁ አምስት ያህል ሰከንድ ያዙና ልቀቁት። ጥጥ ከሆነ የተጨማደደበት ይቀራል። ፖሊስተር ወዲያው ይዘረጋል። ሁለቱ የተቀላቀሉበት መሃል ላይ ነው። ድብልቁ መጥፎ አይደለም፤ ለሥራ ሸሚዝ እንዲያውም ካውያ ስለማያበዛ ይመረጣል። ችግሩ "ንጹሕ ጥጥ ነው" ተብሎ በጥጥ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

ሻጩ "ሱፍ ነው፣ ሙሉ ሱፍ" እያለ ከማለባችሁ የክር ፈተና አለ። ፈቃድ ጠይቃችሁ ከውስጥ ስፌቱ አካባቢ የተንጠለጠለች አንዲት ክር ቁረጡ። ከሱቁ ወጥታችሁ፣ ከልብሱ ርቃችሁ በክብሪት ለኩሷት። የበግ ፀጉር ከሆነች የተቃጠለ ፀጉር ይሸታችኋል፤ እሳቱም ቶሎ ይጠፋል። ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ትነዳለች፣ ግራጫና ለስላሳ አመድ ትተዋለች። ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ከሆነች ትቀልጣለች፤ ስትበርድ ጠንካራ ፍሬ ትሆናለች። ትኩሱን ፍሬ በጣት አትንኩት፣ ያቃጥላል። ሻጩ አንዲት ክር ከከለከለ፣ መልሱን ሰጣችሁ ማለት ነው።

ለደማቅ ቀለም ደግሞ ነጭ ሶፍት በምራቅ ወይም በውሃ አርጥባችሁ ከውስጥ በኩል እሹት። ሶፍቱ ቀለም ከያዘ ያ ልብስ አንድ ባልዲ ነጭ ልብስ ያበላሻል። በተለይ ቀይና ጥቁር ላይ ይህን ሳታደርጉ አትክፈሉ።

ስፌቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ለጥጡት። በክሮቹ መካከል ብርሃን ከገባ ስፌቱ የሳሳ ነው። ከውስጥ በኩል ትርፍ ጨርቅ መተዉን እዩ። ትርፍ ካለው ብትወፍሩ ይሰፋላችኋል። ዚፑን ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ጫፍ እዩ፣ ከአሁኑ ከተተረተሩ ያ ሸሚዝ ዕድሜ የለውም። ኪሱ ውስጥ እጃችሁን ክተቱ። የውሸት ኪስ ያለው ጃኬት ብርድ አገር ላይ ምን ያደርጋል?

ቆዳ ጃኬት እንኳ በልዩ ሁኔታ መታየት አለበት። ብዙው ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ ነው። ክርኑን አጥፉና እጥፋቱን ተጠግታችሁ ተመልከቱት። የደቀቀ ስንጥቅ ካለው ብዙ ሳይቆይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። እውነተኛ ቆዳ የተቆረጠ ጫፉ ላይ ቃጫ መሳይ ክር ይታይበታል፣ የውሃ ጠብታም ቀስ ብሎ ይጠጣል። ቆዳ መሳዩ ግን ከላይ ያንሸራትተዋል፤ ከኋላው የተለጠፈ ጨርቅ ነው ያለው።

5. ሰልባጅ ተራ

ሰልባጅን የሚንቅ ሰው አለ። እኔ አልንቅም። ከአዲስ ርካሽ ጃኬት ይልቅ ያገለገለ ደህና ጃኬት ብዙ ጊዜ ጨርቁም ስፌቱም ይበልጣል። ሱፍ ካፖርት ፈላጊ ደግሞ ሌላ ቦታ በዚያ ዋጋ አያገኝም። ነገር ግን ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ደረሰኝ የለም፣ መመለስም የለም። ያያችሁትን ነው የገዛችሁት።

ስለዚህ ቦንዳ በሚፈታበት ቀን ማልዳችሁ ሂዱ። ሻጩን "ቦንዳ መቼ ነው የምትፈታው?" ብላችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ ደንበኛ ይፈልጋል። ምርጡ መጀመሪያ ይነሳል። ከሰዓት የሚቀረው ክምር ዋጋው ይወርዳል፣ ግን ተመራርጦ ያለቀ ነው።

ልብሱን ስታነሱ ፊት ለፊቱን አትዩ። ፊቱ ምንጊዜም ደህና ነው። ብብቱን ገልብጡ፣ ኮሌታውን አንሱ፣ ክርኑንና ጉልበቱን ወደ ብርሃን አድርጉ፣ ሱሪ ከሆነ ጭኖቹ የሚነካኩበትን ቦታ ፈትሹ። የሚያልቀው እዚያ ነው። ወገቡ ላይ ላስቲክ ካለው ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ለጥጡት። ስንጥር ስንጥር የሚል ድምፅ ካሰማ ላስቲኩ ደርቋል። ከዚያ አሽቱት። የሻጋታ ሽታ በአንድ እጥበት አይለቅም። የሽቶ ሽታ ከበዛም ጠርጥሩ።

ሱሪውን መለካት ካልቻላችሁ ወገቡን ቆልፋችሁ አንገታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ሁለቱ ጫፎች ከኋላ ከተገናኙ ብዙውን ጊዜ ይሆናችኋል። ግምት ነው፣ ስንዝሩ ይበልጣል።

ቤት እንደገባ ቁም ሳጥን ውስጥ አይግባ። ጨርቁ ከቻለ በሙቅ ውሃና ሳሙና ዘፍዝፉት፣ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ ግልብጥ አድርጋችሁ አስጡት። ሱፍ ካፖርት ከሆነ በሙቅ ውሃ ይኮማተራል፤ እሱን ፀሐይና ነፋስ ላይ ሰቅላችሁ አናፍሱት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ በጥንቃቄ እጠቡት። የውስጥ ልብስና ካልሲ ከሰልባጅ አትግዙ። ይህን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

6. ጋቢና የመንዝ ሱፍ

ብርድ አገር ተቀምጦ ከቻይና ጃኬት ሌላ አለማወቅ ያስተዛዝባል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ሙቀቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ድሩ (የቁመቱ ክር) ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ይሆናል፤ ማጉ (የአግድሙ ክር) ግን የእጅ ፈትል ሲሆን ነው ጋቢ ጋቢ የሚሆነው። ጠጋ ብላችሁ ማጉን እዩት። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን ይላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ ፋብሪካ ነው፤ ዋጋውም ያንን መምሰል አለበት።

ቀጥላችሁ ሁለቱ ስፋቶች የተገጣጠሙበትን መሃል እዩ። ሳይንሸራተት፣ ሳይቋጠር ቀጥ ብሎ መሰፋት አለበት። ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹ። ነጭ ጋቢ ላይ ጥለቱ ቢለቅ ሙሉው ተበላሸ። አዲስ ጋቢ ደረቅ ብሎ ቢታያችሁ አትደንግጡ፣ ሲታጠብ ይለሰልሳል፣ ትንሽም ያጥራል። ስለዚህ ቁመቱን ልክክ አድርጋችሁ አትግዙ።

የሐበሻ ቀሚስ ላይ የታተመ ጥበብ በሽመና ዋጋ የሚሸጡ አሉ። ገልብጡት። የተሸመነ ወይም የተጠለፈ ከሆነ ከጀርባው ክሩ ይታያል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ፈዞ ቀለም ብቻ ነው። የታተመውን መግዛት ነውር አይደለም፣ ግን ዋጋው ይለያይ።

ወደ መንዝ ብቅ የምትሉ ደግሞ ከበግ ፀጉር የሚሠሩትን ብርድ ልብሶች፣ ባና እና ዝተት እዩ። የመንዝ በግ ፀጉሩ ረዘምና ሸከር ያለ ነው። ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል። ጥቁሩና ቡናማው የበጉ የራሱ ቀለም ከሆነ አይለቅም፤ የተነከረ ከሆነ ግን እርጥብ ጨርቅ ያጋልጠዋል። ቆዳ ላይ ስለሚያሳክክ ከሥሩ የጥጥ ልብስ ይደረግ። በርኖስ (የሱፍ ካባ) የምታሠሩ ከሆነ ሹራብና ኮት ደርባችሁ ተለኩ፤ በላዩ የሚደረብ ነውና ትከሻው ጠበብ ካለ ዋጋ የለውም።

የምትገዙት ባና የቆየ ከሆነ ወደ ብርሃን አንስታችሁ ብል በልቶት እንደሆነ እዩ። አንድ ትንሽ ቀዳዳ ካያችሁ ሌሎች ይኖራሉ። ባለቤቱን "እማማ፣ ይህ የስንት ዓመት ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኞቹ እውነቱን ይነግሯችኋል፤ አንዳንዷም ከጎረቤት የተሻለ ታመጣላችኋለች።

7. ዋጋ

ገበያ ስትገቡ መጀመሪያ ሦስት አራት ቦታ ጠይቁና ምንም ሳትገዙ እለፉ። የገበያውን ዋጋ ሳታውቁ መከራከር በጨለማ መተኮስ ነው። ከዚያ ወደ ወደዳችሁት ተመለሱ።

"ቁርጡን ንገረኝ፣ በስንት ያልቃል?"
"ላንቺ እህቴ፣ ዋናዬን እንኳ አይመልስም፣ 1,500።"
"በሺህ አንሳው።"
"አይ! የመጀመሪያ ገበያዬ ነሽ፣ 1,400 አድርጊው።"

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጉድለት ካገኛችሁ አሁን አሳዩት። ስድብ አይጨመርበት፤ "ይኸው ቁልፉ ወድቋል፣ እኔ ላስተክል ነው" ብቻ በሉ። ሁለት ነገር አንድ ላይ መግዛትም ዋጋ ያስቀንሳል። ካልሆነ ምስጋና አቅርቡና ሂዱ። ሻጩ መልሶ ከጠራችሁ ዋጋው ነበረው። ካልጠራችሁ እውነትም አያዋጣውም ነበር፤ ሐፍረት ሳይዛችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ከዋጋው በላይ ደግሞ ልብ በሉ፦ ዋጋውን ተስማምቶ ትቶ መሄድ ነውር ነው። መግዛት ካልፈለጋችሁ ዋጋ አትጥሩ።

"ሁሉም ነገር መርካቶ ይረክሳል" የሚሉ ሰዎች አሉ። ለጅምላ ልክ ናቸው። ለአንድ ጃኬት ግን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ ምሳውንና የባከነውን ቀን ደምሩበት። ጎረቤት ተባብሮ ለበዓል ብዙ ዕቃ የሚገዛ ከሆነ ያዋጣል።

8. ደረሰኝ

ከቡቲክ ስትገዙ ደረሰኝ ውሰዱ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ብታዩም፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ጉድለት ማለት ግን የተበላሸ ነው፤ "ቀለሙን ሳስበው አልወደድኩትም" አይደለም። ለዚያ የሻጩ በጎ ፈቃድ ነው።

ቴሌግራም ላይ ለምታዝዙ፦ ፎቶ አይበቃም። በቀን ብርሃን የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። ስፋቱንና ቁመቱን በሳንቲሜትር አስልኩና ቤት ከመዘገባችሁት ጋር አስተያዩ። ከተቻለ ዕቃው በእጃችሁ ሲገባ ክፈሉ። "ቅድሚያ ሙሉ ክፍያ" የሚልና የሱቅ አድራሻ የማይናገር ካጋጠማችሁ እለፉት።

9. ልብስ ሰፊና እጥበት

ተዘጋጅቶ የተሸጠ ልብስ ሁሉንም ሰው ልክ አይመጣም። ትከሻው ልክ ከሆነ ውሰዱት፤ ወገብ ማጥበብና ርዝመት ማሳጠር ለልብስ ሰፊ ቀላል ነው። ትከሻ ማስተካከል ግን አስቸጋሪም ውድም ነው። ሱሪ ከማሳጠራችሁ በፊት አንዴ እጠቡት፤ ጥጥ ከሆነ መጀመሪያ ያጥራልና። የሚቆረጠውንም ጨርቅ ይዛችሁ ተመለሱ፤ ለጉልበት መጣፊያ ይሆናል።

ጨርቅ በሜትር ገዝታችሁ የምታሰፉ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ጋ ሂዱና ስንት ሜትር እንደሚበቃ ጠይቁ። ጨርቁን ገዝታችሁ ውሃ ነክራችሁ አድርቃችሁ ስጡት። አዲሱን ባለቀለም ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ። ባና እና ሹራብ ደግሞ በሙቅ ውሃ አይታሹም፣ ተጨምቀውም በገመድ አይንጠለጠሉም፤ ይለጠጣሉና። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አድርቋቸው።